አንቱ የሌለበት ደብተር

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

አዲስ ደብተር። ያለፈውን እናቴ እሳት ማቀጣጠያ አደረገችው… ገጽ በገጽ እየገነጠለች። ደግነቱ ሳታነብ ነው የምታቃጥለው። ይኼኛው ፍራሽ ሥር ይገባል።

የደብተሩ ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ እዚህ ውስጥ ማንም አንቱ አይባልም። ቀኑን ሙሉ አንቱ ስል እውላለሁ። ለደብሩ አለቃ አንቱ፣ ለንስሐ አባታችን አንቱ፣ ለቀበሌው ጸሐፊ አንቱ… ማኅተም እንኳ ቀጥ አድርጎ መምታት ለማይችለው። ቤት ስገባ ደግሞ ለአባቴ። እዚህ ግን አባቴም "እሱ" ነው። መጣ፣ ሄደ፣ አለ። የማይሰማኝን ሰው ምን ብዬ አከብረዋለሁ?

ዛሬ ምንም አልተፈጠረም። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ፤ ዝናብ መጣ። እንደገና ጨመቅሁት። አባቴ ከሰዓቱን ሙሉ ተማሪዎቹን ቅኔ ሲያስተምር ዋለ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ… ቢቸና ውስጥ ስሙ ሲጠራ ሰው ነጠላውን ያስተካክላል። ይኸው ታላቅ ሰው ራት ላይ ሽሮው ጨው አነሰው ብሎ ሩብ ሰዓት ተናገረ።

ወይንእሸት መጥታ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን እኔ አልፌ እሷ ወድቃለች፤ የምታዝንልኝ ግን እሷ ናት። "ምን ትጠብቂያለሽ? እኔ ብሆን ነገውኑ ሴኡል ነበርኩ" ትለኛለች። ኮሪያን የምታውቃት በድራማ ነው፦ ፀጉራቸውን የሚያበጥሩ ወንዶችና ዝናብ ላይ ቆመው የሚያለቅሱ ሴቶች። እናቴ ከጓዳ ሰማች። "ሲኦል? በስመ አብ… ምን አጥፍታ?" ብላ አማተበች። ወይንእሸት መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች።

እንግዲህ አማካሪዎቼ እነዚህ ናቸው።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ለአባቴ ነገርኩት። ሦስት ቀን መልስ ሳዘጋጅ ነበር። ቢቆጣ ይህን እላለሁ፣ ቢያዝን ያንን እላለሁ… አንዱም አላስፈለገም።

"ምን ልትማሪ አሰብሽ?" አለኝ።

"የእስያ ጥናትና ኮሪያኛ ቋንቋ።"

"እስያ?" አለና የጠቀለለውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰው። ፊቱ በራ። "ኤፌሶን፣ ሰምርኔስ፣ ጴርጋሞን፣ ትያጥሮን…" ሰባቱንም በጣቱ ቆጠረ። ዮሐንስ በራእዩ የጻፈላቸው፣ በእስያ ያሉት ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት። የእኔ እስያ ያቺ መሰለችው። ኮሪያኛ ያልኩትን ወይ አልሰማውም፣ ወይ ከኤፌሶን ጎረቤቶች አንዱ አድርጎታል።

"ይህን የሚያስተምር ኮሌጅ አለ?"

"አለ" አልኩ። ውሸት አይደለም። አለ።

ማረም ነበረብኝ? ለምን? ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው አንድ ቀን ካርታ አላየም ማለት ነው። ዓለም ለእሱ ከኢየሩሳሌም ተነሥታ መርጡለ ማርያም ስትደርስ ታበቃለች። ይመርቀኝ እንጂ፣ በየትኛዋ እስያ እንደመረቀኝ ምን ቸገረኝ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

መስቀል። ደመራው ወደ ምሥራቅ ወደቀ። "አየሽ? ወደ እስያ" አለኝ አባቴ። የወደቀው ጎረቤታችን አጥር ላይ ነው።

እሑድ፣ መስከረም 18

ነገሩ ከቤት ወጣ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ዋርካው ሥር እንደተሰበሰበ አባቴ ተነሥቶ ቆመ። "ልጄ ሰርካለም የሐዋርያት እግር የረገጠውን የእስያን ምድር ልታጠና ነው" አለ። እልልታ። እኔ ከሴቶቹ መሐል ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ…

የደብሩ አለቃ ፍቅረ ሥላሴ አስጠራኝ። ይህ ሰውዬ ከአባቴ ጋር አንድ ጉባኤ ቤት ቅኔ የተማረ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አባቴ ሲሳሳት ለማየት እንደጠበቀ ነው። ዛሬ ግን እሱም አምኗል፣ ምስኪን። "ልጄ፣ ፍጥሞ ደሴት ከደረስሽ በእኔ ስም ሻማ አብሪልኝ" አለኝ። "እሺ አባታችን" አልኩ። ከሴኡል ፍጥሞ በስንት ሰዓት ይደረሳል?

ሰባት ሴቶች ግንባሬን ሳሙኝ። ቆጥሬአቸዋለሁ። ለእያንዳንዷ ቤተ ክርስቲያን አንድ አንድ ሴት። ለወይንእሸት ስነግራት ሆዷን ይዛ ቀረች። እኔም ሳቅሁ። ትንሽም ፈራሁ… ትንሽ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ኮሪያኛ የሚያስተምር ኮሌጅ ተከፈተ ቢባል ሞጣ ደርሼ መጣሁ። ወይንእሸት አብራኝ ነበረች። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ፤ ረዳቱ "አንድ ሰው ብቻ" እያለ አራት ሰው ጨመረ።

ኮሌጁ "ሐምራዊ ድልድይ" ይባላል። ድልድይ የለም። ሐምራዊ ነገርም የለም። ከአንድ ሞባይል ቤት በላይ ሁለት ክፍል ናት፤ ደረጃው ላይ በግ ታስሯል። በሩ ላይ ትልቅ ባነር፦ "የእስያ ጥናትና ኮሪያኛ ቋንቋ፤ ምዝገባ ላይ ነን።" ፀጉራቸውን ብርቱካናማ የቀቡ አምስት ኮሪያውያን ይስቃሉ። ወይንእሸት ሁሉንም በስም ታውቃቸዋለች። ባነሩን ተደግፋ ፎቶ ተነሣች።

እኔም ልስቅ ነበር የሄድኩት። ግን ቲቸር ዘመነ…

ሴኡል ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ ይላል። እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ስለ ሞጣ ሰው፣ ስለ ቢቸና ሰው፣ ስለ አዲስ አበባ መምህራን አንድ በአንድ አወራልኝ። ማንም ምንም አያውቅም። ሁሉም ኋላ ቀር። "አዲስ አበባ ሄደሽ አራት ዓመት ሰዋስው ስትቆጥሪ ልትኖሪ ነው? እኔ በሁለት ዓመት አውሮፕላን ላይ አወጣሻለሁ" አለኝ። ከዚያ ወይንእሸት ባነሩ ጋ እያለች፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "አንቺ እኮ የዚህ አገር ሰው አትመስይም።"

ይህን የሚለኝ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁ።

አንድ ነገር ብቻ… ስንገባ "አንዮንግ" ብሎ ነው የተቀበለን። ስልኬ ላይ የተማርኩት ለማያውቁት ሰው "አንዮንግ ሃሴዮ" ነው፤ "አንዮንግ" ብቻውን ለጓደኛ ነው። ግን የእኔ የስልክ ትምህርት ነው። እዚያ የኖረው እሱ ነው።

ዋናውን የፈተና ሰርተፊኬት ይዤ እንድመለስ ነገረኝ። እሱ ጋ ነው የሚቀመጠው። "ወረቀቱ እዚህ ከገባ ጉዳዩ አለቀ" አለ።

ዓርብ፣ መስከረም 23

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል። ኮሪያኛ የሚያስተምር ክፍል አለው። ምዝገባው ጥቅምት 12 ያበቃል፤ ያለ ዋናው ሰርተፊኬት አይመዘግቡም። ወረቀቱ አንድ፣ ቦታው ሁለት። ሞጣ ከገባ አዲስ አበባ የለም።

ለምን ኮሪያኛ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሁሉም የየራሱን መልስ ይዞ ነው የሚመጣው። ቢጠይቁኝ… ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረበት ዓመት፣ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ትምህርቱን እያወረድኩ ያጠናሁት ነው። ሰው ሁሉ ፈርቶ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ እኔ ፊደላቸውን እጽፍ ነበር። ድራማ አልወድም። ባለብርቱካን ፀጉሮቹንም አልወድም። የምወደው ማንም ሳይሰጠኝ ያገኘሁት መሆኑን ነው። ሌላ እንዲህ ያለ ነገር የለኝም። ይህ ከተበላሸ ዕድሜ ልኬን እዚህ ተቀምጬ ጨው አነሰው ሲባል መስማት ነው።

ወሰንኩ። ሞጣ።

አባቴ ሲሰማ ጮቤ ረገጠ ማለት ይቻላል። "ሞጣማ ከሆነ በየሳምንቱ አይሻለሁ" አለ። እናቴም "ሲኦል ካልሆነ የትም ይሁን" አለች።

ሰኞ፣ መስከረም 26

"መምህሩን ሳላይ ልጄን አልሰጥም" ብሎ ተነሣ። አብሮኝ ሊሄድ ነው።

"አባባ፣ ይቅርብዎ፤ መንገዱ ያደክምዎታል" አልኩት። የፈራሁት ለእሱ ድካም አይደለም።

"እኔ ቅኔ ስማር ሦስት ጉባኤ ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ…" ብሎ ጀመረ። መቶኛ ጊዜ። "ቦታ አልመረጥሁም፤ መምህር ነው የመረጥሁ። መምህሩን የማያውቀውን እጠይቀዋለሁ። ያኔ የሚለውን ሰምቼ ወይ እቀመጣለሁ ወይ ስልቻዬን እይዛለሁ።"

ዘመነን ምን ብሎ ሊጠይቀው ነው? የጴርጋሞን ጳጳስ ማን እንደነበር?

ሌላም አለ። ከስልኩ ጋር ስለማመድ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እንጃ። ምን ፈልገው ነው ስለው "ምንም፣ በይ ቀጥይ" አለኝ። ወይንእሸት እንደ ልማዷ "አንዮንግ" እያለች ስትገባ፣ እኔም "አንዮንግ" ስላት፣ እሱ እዚያው ቆሞ ነበር። ጠባይ ነው ይኼ?

ረቡዕ፣ መስከረም 28

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ተናድጃለሁ።

ጥምጣሙን ጠምጥሞ፣ መቋሚያውን ይዞ ሚኒባስ ገባ። መቋሚያው የሾፌሩን ጆሮ ሁለት ጊዜ መታው። ሾፌሩ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ሰርተፊኬቱን በፖስታ አድርጌ ጉልበቴ ላይ ይዣለሁ።

ሞጣ። ደረጃው፣ በጉ፣ ባነሩ። አባቴ ባነሩ ፊት ብዙ ቆመ። ዘመነ እግሩን እንደሰቀለ "አንዮንግ አባባ፣ ይግቡ" አለ። አባቴ ተቀመጠ፤ በመቋሚያው ወደ ባነሩ ጠቆመ።

"እኒህ ልጆች የኤፌሶን ናቸው የሰምርኔስ?"

ዘመነ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወንበሩ እስኪጮህ ሳቀ። "ኤፌሶን? አባባ፣ ኤፌሶን እኮ ቱርክ ነው ያለችው፣ ያውም ፍርስራሽ። ይኼ ኮሪያ ነው። ሩቅ ምሥራቅ። ቴሌቪዥን የሚሠሩት፣ መኪና የሚሠሩት።" ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ሳቅሁ። ይኸው ጻፍኩት። እኔም ሳቅሁ።

አባቴ አየኝ። ዘመነን አይደለም፣ እኔን። ከዚያ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። "እንግዲያ ሌላ እስያ ነው" አለ ቀስ ብሎ። ተነሥቶ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ…

"ፊደል አላቸው?"

"አላቸው" አለ ዘመነ እየሳቀ።

"ማሰሪያ አንቀጹ የት ላይ ይቆማል?"

ግሱን ማለቱ ነው። ዘመነ ወደ እኔ አየ። እኔ ነኝ የመለስኩት፦ "መጨረሻ ላይ፣ እንደኛ።"

"አንቱታስ አላቸው?"

"የለም አባባ" አለ ዘመነ። እዚህ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። "ኮሪያኛ ዘመናዊ ቋንቋ ነው፣ ልክ እንደ እንግሊዝኛ። አንተ አንቱ የሚባል ጣጣ የለበትም። ለትንሹም ለትልቁም አንዮንግ፤ አለቀ።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "አንዮንግ ለወይንእሸት የምትያት አይደለች?"

"ነች…"

"ከስልኩ ጋር ብቻሽን ስትሆኝ ግን አንዮንግ ሃሴዮ ነው የምትይ። ጥያቄውም መልሱም ‘ዮ’ ላይ ነው የሚያርፍ። ወይንእሸት ስትመጣ ‘ዮ’ን ትቆርጫታለሽ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ‘ዮ’ አንቱታ ካልሆነ ምንድን ነው?"

አንዮንግ ሃሴዮን ያለው… ከእኔ ይልቅ አስተካክሎ ነው ያለው።

ዘመነ ፈገግታው ቆሞ ቀረ። "እሱ የድሮ ነው አባባ። አሁን ቀርቷል።"

"ሽማግሌዎቹ አልቀው ነው?"

"ይስሙኝ፣ እርስዎ ኮሪያኛ ሊያስተምሩኝ ነው የመጡት?"

"እኔ አላውቀውም" አለ አባቴ። "አንተ ታውቃለህ ተባልሁ እንጅ።"

ፖስታውን ከጉልበቴ ላይ አነሣ። ጋቢው ውስጥ ከተተው። "ተነሽ እንሂድ።"

ስንመለስ ደብረ ወርቅ ደረስን። እዚያ ፈነዳሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ሕይወቴን በአንድ ፊደል አበላሹት" አልኩት። በአንቱታ ነው የጮህኩት፣ ልማድ ሆኖ። በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየ፦ "ሞጣ ብትሆኝ እኮ ለእኔ ነበር የሚሻለኝ" አለ። 

ሐሙስ፣ መስከረም 29

ራት ላይ ጨው አነሰው አላለም። በእርግጥ አንሶት ነበር።

ወይንእሸት ስለ ትናንቱ ልትሰማ መጣች። ዘመነ ያለኝን ነገርኳት፣ የዚህ አገር ሰው አትመስይም ያለኝን። "እንዴ፣ እኔንም እኮ ፎቶ ስነሣ እንደዚያው ብሎኛል" አለች። ደስ እያላት።

ስለዚህ የዚህን አገር ሰው የሚመስለው ማን ነው? በጉ?

"ዮ"ን አባቴ ሰማ። እኔም ሰምቼ ነበር፣ ከመጀመሪያው ቀን። አንዮንግ ሲለኝ ጆሮዬ አልተቀበለውም። ግን ሰውዬው የምንቃቸውን ሰዎች ሁሉ እየናቀልኝ ስለነበር ዝም አልኩ። ወረቀቴን ይዤለት ሄድኩ። ካርታ የማያውቀው እንግዲህ ማን ነው? ሁለት ሳምንት የሳቅሁበት ሰውዬ ወይስ እኔ?

ዓርብ፣ መስከረም 30

ጠዋት ስነቃ ፖስታው ትራሴ አጠገብ ተቀምጧል። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በዚያ ድርሳን በሚመስል ጽሕፈቱ፦ "ዮ ከወዴት መጣች? አዲስ አበባ ያሉትን ጠይቂ።" ሌላ ምንም የለበትም።

ለምን እታዘዘዋለሁ ብዬ እስከ አራት ሰዓት ተቀመጥኩ። ከዚያ የተቀበሉኝበት ደብዳቤ ላይ ያለውን ቁጥር ደወልኩ። አራት ጊዜ አልተነሣም። በአምስተኛው አንዲት ሴት። መምህርት ውበቴ እባላለሁ አለች፤ ኮሪያኛ አስተማሪ ናት። ልታጣድፈኝ አልሞከረችም።

"አንቱታ አለው ወይ?" አልኳት። ሳቀች፣ ግን የዘመነን ዓይነት ሳቅ አይደለም።

"እስኪ ‘አባቴ መጡ’ በይልኝ" አለች።

"አቦጂ… ዋሶዮ።"

"‘ዮ’ው እኔን ነው ያከበረው፣ የምትነግሪኝን። አባትሽን ግን ‘መጣ’ ነው ያልሽው። ለእሳቸው ‘ኦሾሶዮ’ ነው። ሰሚውን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ስሙ የሚነሣውን ሰው ማክበር ሌላ ነው።"

"አባቴ አጠገባችን ባይኖርስ? ባይሰማስ?"

"ባይሰሙም" አለች። "በአማርኛስ እንደዚያው አይደል?"

አዎ እንደዚያው ነው። ደብተሩ ግን ሕግ አለው። ሕጉ የእኔ ነው… ይቆይ።

የአባቴን ጥያቄ ጠየቅኋት፦ "‘ዮ’ ከየት መጣች?"   "እሱን አላውቀውም" አለች። "ኮሪያዊት ባልደረባ አለችኝ፤ ጠይቄ ጽፌ እልክልሻለሁ።"

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የት ይቆማል ሌላ?

"ምን አለች?"

"አላውቀውም አለች።"

"‘አላውቀውም’ አለች? በዚሁ ቃል?"

"በዚሁ ቃል።"

"በቃ። እሷ ዘንድ ሂጅ" አለ።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ "አዲስ አበባ እኮ ስንት ቀን መንገድ ነው፣ አንተ ሰውዬ" አለችው። እሱ ወደ ተማሪዎቹ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሊናገር ነው። ስለ ኤፌሶን። "አባባ፣ ማንም አላወቀ፣ ዝም ቢሉ ምን ይሆናል?" አልኩት። "እኔ አወቅሁ" አለ። ለመንኩት። በዚያ አለቃ ፍቅረ ሥላሴ በሚባል ሰውዬ ፊት ተሳሳትሁ ሲል ማየት አልፈልግም።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ተናገረ።

ዋርካው ሥር፣ ያው ቦታ። "ባለፈው ስለ ልጄ የነገርኋችሁ ስሕተት ነበር። የምትማረው ኤፌሶንን አይደለም። ኮሪያ የሚባል የሩቅ እስያ አገር አለ፤ የእነሱን ቋንቋ ነው። እኔ እስያ ሲባል ያለችኝ አንዲት ብቻ ነበረች። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ነግሬአችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።"

 ከዚያ አለቃ ፍቅረ ሥላሴ፣ ሠላሳ ዓመት የጠበቃት ቀን ደርሳለት፣ ጢሙን እየዳሰሰ፦ "መሪጌታ፣ እንግዲያ የኔዋ የፍጥሞ ሻማ የት ልትበራ ነው?"

ሰው ሳቀ። በጣም ሳቀ። የአባቴ ተማሪዎች መሬት መሬቱን አዩ። ግንባሬን ከሳሙኝ ሴቶች አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ሻማዎን እኔ እዚሁ አበራታለሁ" አለ አባቴ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶ።

ሁለት ሳምንት በዚህ ነገር ስስቅ ነበር። ደብተሩ ይመስክር። ዛሬ ግን አልሳቅሁም። "ልጄ እያወቀች ዝም አለችኝ" ማለት ይችል ነበር። እውነት ነው እኮ። ሁሉም ዞሮ እኔን ያይ ነበር። አላለም። የእኔን ጥፋት ለብቻው ተሸክሞ፣ በአለቃው ፊት ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

አፈርኩ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አውቶቡስ ውስጥ ነው የምጽፈው። መስመሩ ቢጣመም የመንገዱ ጥፋት ነው።

ትናንት ከመምህርት ውበቴ መልእክት መጣ፦ "ባልደረባዬን ጠየቅኋት። እሷም እርግጠኛ አይደለችም። መጽሐፍ እየፈለግን ነው። አባትሽን ሰላም በይልኝ።" ለአባቴ አነበብኩለት። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። "እንግዲያ ከእኔ ጋር ክፍል ጓደኞች ነን" አለ።

ወይንእሸት ልትሰናበተኝ መጥታ እሷ ልብስ ስፌት ልትማር መሆኑን ነገረችኝ፣ እዚሁ ቢቸና። እንደ ልማዴ አፌ ላይ የመጣ ነገር ነበር። ዋጥኩት። ጎበዝ ሰፊ ይወጣታል፣ እጇ ቀና ነው።

እናቴ ደብተሬን ከፍራሹ ሥር ራሷ አውጥታ ሻንጣዬ ውስጥ ከታልኛለች። ታውቅ ነበር ማለት ነው። ሳታቃጥለው…

አባቴ መናኸሪያ ድረስ መጣ። ሰርተፊኬቱን ከነፖስታው በራሱ እጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተ፤ ዚፑን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። መናኸሪያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የኤፌሶንን ወሬ ሰምቷል። አንዱ ረዳት "መሪጌታ፣ ሰምርኔስ ነው አዲስ አበባ?" አለው። አባቴ "አዲስ አበባ" አለ፣ እንደ ደኅና ጥያቄ አድርጎ። በፊት ቢሆን ስለ ሁለቱም አንድ ገጽ እጽፍ ነበር። ዛሬ ረዳቱን በጥፊ ማለት ነው የፈለግሁት።

መስኮቱ ጋ መጥቶ ቆመ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል መቋሚያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና፦

"አንዮንግ ሃሴዮ።"

ለመሰናበቻ አይደለም፣ ለመገናኛ ነው የሚባለው። እሱን አላረምሁም። ሌላውን ነው ያልኩት።

"አባባ፣ ለእኔ እኮ ‘ዮ’ አያስፈልግም። እኔ ልጅዎ ነኝ።"

"ልትማሪ ነው የምትሄጅ፤ ይገባሻል" አለኝ።

አሉኝ።